ስክሬድታይግ የሚባሉ ሰዎች

አዲሱን የስልክ ማውጫ ማክሰኞ ጠዋት በራችን ላይ ጥለውት ሄዱ። እንደ ጡብ ይከብዳል። ቦርሳዬን ሳላወርድ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ገለጥኩት። የምፈልገው ገጽ የት አካባቢ እንደሆነ እጄ ያውቀዋል። አምና በዚያ ገጽ በግራ በኩል፣ ከታች ስድስተኛው መስመር ላይ፣ «ስክሬድታይግ አርኔ» የሚል ነበር። ዘንድሮ ከላዩ የነበረው ስምና ከሥሩ የነበረው ስም ተጠጋግተዋል። በመካከላቸው ክፍት ቦታ እንኳ የለም።

ሚስተር አርኔ መሞታቸውን አውቃለሁ። በየካቲት ስንቀብራቸው ነበርኩ። ግን የስልክ ኩባንያው ጭምር መስማቱን ሳይ ነው ነገሩ ያለቀ የመሰለኝ።

ያወቅኳቸው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ነው። ያኔ በዚያ መንገድ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ከሁለትና ከሦስት አይበልጥም። እኔ በአንደኛው ሳህን አጥባለሁ፤ እትዬ ዘነበች ያበስላሉ። ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር በጋራ በተከራየነው ቤትም አብረን ነበርን። ሚስተር አርኔ ረቡዕ ረቡዕ ለምሳ ይመጣሉ። ረጅም፣ ነጭ ሽማግሌ ናቸው፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፤ የሚያዙት ሁልጊዜ ምስር ነው። ዓይናቸው ታሞ ዳር ዳሩን ብቻ ነበር የሚያየው፤ መካከሉ ጠፍቷል። በሹካ ሳህን ላይ ምግብ ማሳደድ ሰልችቷቸው ስለነበር የእኛን አበላል ወደዱት።

«ሹካው የት እንደደረሰ አላውቅም» ይሉ ነበር፤ «ጣቴ የት እንዳለ ግን ሁልጊዜ አውቃለሁ።»

አንድ ረቡዕ ለምግብ ቤቱ ባለቤት በሳምንት ሦስት ከሰዓት በኋላ ቤት የሚያጸዳላቸውና ደብዳቤ የሚያነብላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩት። ባለቤቱ ወደ ወጥ ቤቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ወይንሸት ትሂድ» አሉ እትዬ ዘነበች ከድስታቸው ላይ ቀና ሳይሉ። «ስድስተኛ ጨርሳለች፤ ፊደላቸውን ታውቃለች።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ እንግሊዝኛ…»

«ቤት መጥረግ ምን እንግሊዝኛ ይፈልጋል? መጥረጊያው አያናግርሽ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሄድኩ።

ቤታቸው ከፌርፋክስ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ሚስተር አርኔ ግን እኔን ማየት ሲፈልጉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ በዓይናቸው ጠርዝ ነው የሚያዩኝ። ለዚህ ይመስለኛል እዚያ ቤት ውስጥ አንደበቴ ትንሽ የተፈታው። ስሜን ለመያዝ ሳምንት ፈጀባቸው። ከዚያ በፊት ባጸዳሁበት ቢሮ ሰዎቹ ዌንዲ ይሉኝ ነበርና፣ ቢቸግራቸው ዌንዲ ቢሉኝ እንደማይከፋኝ ነገርኳቸው።

«ዌንዲ ሌላ ሴትዮ ናት» አሉ። «እሷን አልቀጠርኩም።»

አርባ ዓመት የሠሩት ሥራ ስም መጻፍ ነበር። ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ባሉት ሕንፃዎች፣ በሐኪምና በጠበቃ ቢሮ የመስታወት በር ላይ፣ በስስ የወርቅ ወረቀት ስም ይጽፉ ነበር። የሚጻፈው ከውስጥ በኩል ስለሆነ ከውጭ እንዲነበብ ፊደሉን ሁሉ ገልብጠው ነው የሚጽፉት። ባለቢሮው ሲለቅ ደግሞ እሳቸውኑ ይጠሯቸዋል፤ በምላጭ ይፍቁታል።

«መጻፉ አንድ ቀን ይፈጃል፤ መፋቁ አሥር ደቂቃ» ይሉኝ ነበር። «ስም ሲጻፍ አይቸኮልም። ሲፋቅም እንደዚያው መሆን ነበረበት፤ ግን ለመፋቅ የሚከፍል ሰው ሁልጊዜ ይቸኩላል።»

አንድ ቀን በአውቶቡስ ዊልሸር መንገድ ድረስ ወሰዱኝ። ሊፍት ይዘን አምስተኛ ፎቅ ወጣን። አንድ የጥርስ ሐኪም በር ከፍተው ገቡና በውስጥ በኩል መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ ጀመር። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ጉንጫቸውን ይዘው ያዩናል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን የመጨረሻው ፊደል ላይ ሲደርሱ «አልተላጠም» ብለው ወጡ።

ስለ ራሳቸው ስም የነገሩኝ አንድ ዓርብ፣ ድንች እየላጥኩ ሳለሁ ነው። እኔ «ሚስተር አርኔ» ስላቸው የሚያውቋቸው ሰዎች ይስቁ ነበር። እዚህ አገር «ሚስተር» የሚባለው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው አሉ። እኔ ግን እሳቸውን አቁሜ አባታቸውን መጥራት መስሎ ተሰማኝና እምቢ አልኩ። በዚህ ተነሥተው ነው የነገሩኝ።

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሙሉ ዳቦ በጎኑ አቆሙት። «ይሄ ተራራ ነው» አሉ። ከላዩ ጀምረው ስኳር አንጠባጠቡ፤ ስኳሩ እየተንሸራተተ ወርዶ ሥሩ ተከመረ። «ይሄ ናዳ ነው። በእኛ በኖርዌዮች ቋንቋ ስክሬድ።» ከክምሩ አጠገብ ማንኪያ አጋደሙ። «ይቺ ደግሞ ቁራሽ ማሳ ናት። ታይግ። ከናዳው ሥር ያለች ማሳ ማለት ነው።»

«ናዳ ካለ ለምን እዚያ ያርሳሉ?»

«ኪራዩ ርካሽ ነበራ!» ብለው ሳቁ። ያቺን ስኳር ኋላ ከጠረጴዛው ለማንሳት ብዙ ደከምኩ።

ድሮ በኖርዌይ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ገበሬው ዘንድ አልነበረም አሉኝ። ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፤ ከዚያ ላይ የሚኖርበት የእርሻ ቦታ ስም ይጨመራል። ቦታውን ሲለቅ ስሙንም ይለቃል። አያታቸው ተወልደው ያደጉት ሌላ እርሻ ላይ ስለነበር ስማቸው የዚያ እርሻ ስም ነበር። የናዳዋን ማሳ ተከራይተው ሲገቡ የቀድሞውን ስም ጥለው የአዲሱን ያዙ። ኋላ መንግሥት ሁሉም ሰው አንድ የማይለወጥ ስም ይያዝ ሲል ቤተሰቡን እዚያች ማሳ ላይ አገኛቸው። ስክሬድታይግ እንደሆኑ ቀሩ።

«እኛ አሁንም በአባታችን ነው» አልኳቸው። «እኔ ወይንሸት ደምሴ ነኝ። ደምሴ አባቴ ነው። ልጅ ብወልድ የራሱን አባት ስም ይይዛል እንጂ ደምሴ አይባልም።»

«ታዲያ ደምሴ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ያልቃል።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

በዚያው መስከረም ከኖርዌይ ደብዳቤ መጣላቸው። አድራሻውን አነበብኩላቸው፤ ውስጡን ግን በኖርዌይ ቋንቋ ስለሆነ በትልቅ አጉሊ መነጽር ፊደል በፊደል ራሳቸው አነበቡት፤ ቀኑን ሙሉ ፈጀባቸው። የናዳዋን ማሳ ወጣት ባልና ሚስት ገዝተዋታል። ቤቱን አድሰው ሊኖሩበት ነው። የቦታውንም ስም የራሳቸው ስም ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። በዚያ አገር ሕግ ጥቂት ሰዎች ብቻ የያዙትን ስም ሌላ ሰው እንዲሁ አንስቶ አይወስደውም፤ የያዙትን ማስፈቀድ አለበት። እዚያ የነበረችው የመጨረሻዋ ስክሬድታይግ፣ ያላገባች የአጎታቸው ልጅ፣ ሞታለች። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ሚስተር አርኔን፣ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ካለም እሱን፣ ፈቃድ ይለምናሉ።

ሚስተር አርኔ ሚስታቸው ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ሌላ ካለ ከእሱ ጋር እመክራለሁ» አሉ። «የመጨረሻው እኔ ከሆንኩ ግን አልሰጥም። ይሄን ስም አንድም ሰው አስተካክሎ በማይጠራበት አገር ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜዋለሁ። ከቤት ዕቃ ጋር ለገዛ ሰው አላስረክብም። ይዤው እሄዳለሁ።»

ከዚያ ስሙን በካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፉልኝ። የሚያምር ጽሕፈት ነበር። በስልክ ማውጫ ውስጥ እንድፈልግ ነገሩኝ፤ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስን፣ ቀጥሎ መርከበኛ ሆነው መጥተው የወረዱበትን ሳን ፔድሮን፣ ከዚያ ደግሞ ኖርዌዮች እንጨት ሊሰነጥቁ የሄዱበትን ታኮማን። የታኮማው መጽሐፍ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ።

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ተቀጥሬ በነበርኩበት ቤት የስልክ ማውጫ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሰውየው ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ ስም ነው። ሚስተር አርኔም በእኔ ቤት አርኔ ናቸው፤ ስክሬድታይግ ሁለተኛ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያውን ስም እየዘለልኩ ሁለተኛውን አነብ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ መስመር በመስመር። የዚህ አገር አባቶች ሁሉ ጆን፣ ሮበርትና ዊልያም መሆናቸው ገርሞኛል። ሜሪና ሱዛን የሚባሉ አባቶችም ገጥመውኛል። አሜሪካ ነው ብዬ አለፍኩ።

ቤቱን አጽድቼ ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ እቀመጥና አነባለሁ፤ ለታኮማው ቤተ መጻሕፍቱ እሄዳለሁ። ያለቀውን ገጽ ጥጉ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። እንዲህ አራት ወር ሆነ። ለምን ይሄን ያህል እንደፈጀ እሳቸው አልጠየቁኝም። ማንበብ የምቸገር መስሏቸው ላለማሳፈር እንደሆነ ኋላ ነገሩኝ። እኔም ሥራው ይሄን ያህል ከባድ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው በክፍያ ያሠራኛል፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

በጥር መጨረሻ ሦስቱንም ጨረስኩ። «የለም» አልኳቸው።

ደብተር ነበራቸው። ሎስ አንጀለስ በሚለው ሥር ራሳቸውን ቆጥረው አንድ ብለው ጻፉ። ሳን ፔድሮ፣ ዜሮ። ታኮማ፣ ዜሮ። ኖርዌይ፣ ዜሮ። ቀጥለው በትልቅ ጽሕፈታቸው የእምቢታውን ደብዳቤ ጽፈው አሽገው ሰጡኝ። ቅዳሜ ፖስታ ሳጥን ውስጥ እንድጨምረው።

ቅዳሜ ጠዋት ምግብ ቤት ስገባ እትዬ ዘነበች የስልክ ማውጫውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አስተናጋጇን ያሳያሉ። ለቤታችን ስልክ ያስገቡት እሳቸው ነበሩ።

«ነይ እይ! ስሜ አሜሪካ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ሊስት አድርገውኛል!»

ጣታቸው ያረፈበትን አየሁ። «ተሰማ ዘነበች» ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አባትዎ ናቸው። አባትዎም ስልክ አስገብተዋል?»

አስተናጋጇ በሳቅ ወደቀች። «አባቴ?» አሉ እትዬ ዘነበች። «አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመቱ! የት ሊደውል? እዚህ አገር ላስት ኔም ነው ከፊት የሚጻፈው። አባትሽ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ። ኦኬ? ይሄን ሳታውቂ ነው እንዴ ስንት ፎርም የሞላሽው?»

ፎርሞቼን የሞሉልኝ እሳቸው ነበሩ። ይሄን አላልኩም። መጽሐፉን ወደ እኔ ሳብኩ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም በቃሌ አውቀዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በግራ በኩል፣ ከታች ስድስተኛው መስመር። ሚስተር አርኔ ብቻ። በእሳቸው ቤት ባለው መጽሐፍ ላይ ይሄን ገጽ በኅዳር ጨርሼ ምልክት አድርጌበታለሁ። እሳቸውን ራሳቸውን እንኳ አላገኘኋቸውም።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ምንም።»

ሰማያዊው የፖስታ ሳጥን የፌርፋክስና የኦሊምፒክ መንገዶች ማዕዘን ላይ ነው። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ ቆምኩ። ብጨምረው ማንም አያውቅም። ሚስተር አርኔ ትንሹን ፊደል አያዩም፤ ዳግመኛ የሚፈልግላቸው ሰው የለም። ባልጨምረው ግን አራት ወር ያወጡት ገንዘብና ጊዜ ከንቱ እንደነበር፣ ያነበበችላቸው ልጅ ምን እንደምታነብ እንደማታውቅ፣ በራሴ አፍ መንገር አለብኝ። አንዲት ሴትዮ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ትጨምሪያለሽ ወይስ አትጨምሪም በሚል ዓይን አየችኝ። አሳለፍኳት።

የሥራ ቀኔ አልነበረም፤ ሚስተር አርኔ በሩን ሲከፍቱ ማን እንደሆነ አላወቁም።

«ወይንሸት ነኝ። ደብዳቤውን አላስገባሁትም።»

«ቴምብር ጠፋ?»

«የፈለግኩት በስህተት ነው። የአባት ስም ሁለተኛ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያውን እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት። ሁሉንም።»

ፊታቸው ወደ መስኮቱ አልዞረም፤ ወደ ወለሉ ነበር።

«እኔንስ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔን አላገኘሽኝም?»

«አላገኘሁዎትም።»

«አራት ወር?»

«አራት ወር።»

ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ።

«እና ጆን ስንት ነው?» አሉ።

«ምን?»

«የከተማውን አባት ሁሉ አንብበሻል አይደል? ጆን ስንት ነው?»

«ብዙ» አልኳቸው። «በጣም ብዙ።»

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው። ከልባቸው ሲስቁ ድምፅ እንደማይወጣቸው ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጨርሰው ዓይናቸውን ጠረጉና ባርኔጣቸውን እንዳቀብላቸው ነገሩኝ።

የሳን ፔድሮውን እዚያው ቤት ገለጥኩት፤ ማንም የለበትም። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነበር። የታኮማውን መጽሐፍ አውርጄ ገለጥኩ። አንድ መስመር ነበር። «ስክሬድታይግ ሮይ»። ጣታቸውን ይዤ ላዩ ላይ አስቀመጥኩላቸው። የታተመ ፊደል በጣት አይታወቅም፤ እሳቸው ግን እንደ መስታወቱ በር በአውራ ጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱበት፤ ተመለሱም።

ቤት ተመልሰን ስልኩን የመታሁላቸው እኔ ነኝ። እኔ የምሰማው እሳቸው የሚሉትን ብቻ ነበር፤ የቀረውን ኋላ ነገሩኝ። ሮይ አውቶቡስ ነጂ ነው። ስሙን ያገኘው እናቱን ካገባ ሰው ነው፤ ያም ሰው የሚስተር አርኔ አጎት ነበሩ፤ መርከብ ላይ ከሄዱ ወዲህ ወሬያቸው የጠፋ። ሮይ የኖርዌይ ደም የለውም። ስሙ ምን ማለት እንደሆነም አያውቅም፤ በልጅነቱ ተማሪዎች ሲያሾፉበት የእንጀራ አባቱን ጠይቆ፣ ሰውየው «ቦታ ነው» ብለው ዝም አሉት።

«ምን ማለት ነው?» ብሎ ሮይ ሲጠይቅ ሚስተር አርኔ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው በእጃቸው ጠረጴዛውን ዳበሱ። ዳቦ ፈለጉ። አቀበልኳቸው። በጎኑ አቆሙትና፣ ታኮማ ያለ ሰው እንደሚያይ ሁሉ፣ ስኳሩን ከላይ ጀምረው ያንጠባጥቡ ጀመር።

ስልኩን ሲዘጉ ያሸጉትን ደብዳቤ ጠየቁኝ። ለሁለት ቀደዱት።

«ያኛው ስሙን ከእናቱ ባል አገኘው፤ ተሸክሞትም ኖረ» አሉ። «እነዚህ ልጆች ከቤት ጋር አገኙት። አያቴም ያገኘው ከኪራይ ጋር ነው። እኔን በረኛ ያደረገኝ ማን ነው?»

አዲሱን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ለሮይ ልከው እሱም ፈረመበት። ሲመለስ የፖስታ ሳጥኑ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ክዳኑ ሲዘጋ ሰሙ። ደብተሩ ላይ ታኮማ ከሚለው ጎን የነበረውን ዜሮ አልፋቁትም፤ ከአጠገቡ አንድ ብለው ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት ሞቱ። ሮይ ሁለት ቀን መኪና ነድቶ መጣ። አጭርና ወፍራም ሰው ነው፤ በምንም አይመስላቸውም። ከቀብሩ በኋላ ምግብ ቤቱ መጥቶ ምስር በላ። ደብተሩን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።

የስልክ ማውጫው በመጣበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከኖርዌይ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ ስሜ ሙሉ ነው፤ አንድም ፊደል አልጎደለበትም። ሚስተር አርኔ ስሜን ጽፈውላቸው ኖሯል። ውስጡ ፎቶግራፍ አለ። ትንሽ ነጭ ቤት፣ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ስም፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ ባሏና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን። ከኋላቸው ያለው ተራራ በጎኑ የቆመ ዳቦ ይመስላል። ሴት ልጅ መውለዳቸውን፣ እሷም ስክሬድታይግ ተብላ መመዝገቧን ጽፈዋል።

ደብተሩን አወጣሁ። ኖርዌይ የሚለውን ገለጥኩ። ዜሮውን አልፋቅኩትም። እርሳሴን ቀርጬ ከአጠገቡ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አልቸኮልኩም።